ኢንተርኔት በሌለበት ትምህርት ቤት ኮሊብሪን መትከል፦ ከመጀመሪያው ፈተና እስከ ሪፖርቱ

በአንድ ክፍል የተቀመጡ ስልሳ ተማሪዎች ክፍተታቸው አንድ አይደለም። አንዱ ክፍልፋይ መደመር ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አልገባውም። ሌላዋ ስሌቱን ትችላለች፤ የሚይዛት ጥያቄው የተጻፈበት እንግሊዝኛ ነው። ሦስተኛው ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ አይታየውም። ለሦስቱም በአንድ ክፍለ ጊዜ መድረስ ለአንድ መምህር ከባድ ነው። አንድ ላፕቶፕና አንድ ራውተር ግን ሸክሙን ይጋራሉ፤ ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት ባይኖረውም።

ሶፍትዌሩ ኮሊብሪ ይባላል። የሠራው ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለ ድርጅት ሲሆን በነጻ ይገኛል። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ ቪዲዮ፣ መልመጃና መጻሕፍት ይይዛል። ተማሪዎች በስልክ፣ በታብሌት ወይም በአይሲቲ ክፍሉ ኮምፒውተር በዋይፋይ ይከፍቱታል። ከስልካቸው ሒሳብ ሳንቲም አይቆርጥም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ላፕቶፕ፤ ራሙ ቢያንስ 4 ጊጋባይት፣ ዲስኩ ላይ 100 ጊጋባይት ያህል ነጻ ቦታ ያለው። ዴስክቶፕም ይሠራል፤ ላፕቶፕ ግን መብራት ሲጠፋ በባትሪው ይቀጥላል። ዋይፋይ ራውተር ከነአዳፕተሩ። የኔትወርክ ኬብል። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይም ትልቅ ፍላሽ። ኢርፎኖች። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ። ደብተርና እስክሪብቶ።

ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለዝግጅቱ ብቻ ነው። ጥሩ መስመር ያለበትን ቦታ፣ ለምሳሌ በአቅራቢያዎ ያለ ዩኒቨርሲቲን ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤትን፣ አስቀድመው ይጠይቁ። ትምህርት ቤቱ ስልክ የሚከለክል ከሆነም ከርዕሰ መምህሩ ጋር አሁኑኑ ይነጋገሩ። ስልክ የሚፈቀድበት ሰዓትና ክፍል በጽሑፍ ቢሰጥዎ ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ፍላጎቱን በወረቀት ይለኩ

ኮምፒውተሩን ገና አይክፈቱ። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ላፕቶፑን በቪዲዮ ሞልቶ ማን ምን ማየት እንዳለበት ሳያውቅ ይቀራል።

አንድ ክፍልና አንድ የትምህርት ዓይነት ይምረጡ። እዚህ 9ኛ ክፍል ሒሳብን እንያዝ። አሥር አጫጭር ጥያቄዎች ያዘጋጁ። ከ9ኛ ክፍል አይሁኑ፤ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ከተማሩት ይውሰዱ። ለምሳሌ፦

3/4 + 1/6 ስንት ነው?
−7 + 3 ስንት ነው?
የ240 15 በመቶ ስንት ነው?
አንድ ቁጥር በ2 ተባዝቶ 5 ሲደመርበት 17 ከሆነ፣ ቁጥሩ ስንት ነው?

ጥያቄዎቹን ተማሪዎቹ በሚማሩበት ቋንቋ ይጻፉ። 20 ደቂቃ ይስጡ። ውጤት እንደማይያዝበት አስቀድመው ይንገሩ። ካልነገሩ ይኮራረጃሉ፤ እርስዎም የጎረቤትን መልስ ሲያርሙ ይውላሉ።

ሲያርሙ ድምር አያውጡ። በደብተርዎ ላይ ሰንጠረዥ ያስምሩ፤ ስሞች ወደ ታች፣ የጥያቄ ቁጥሮች ወደ ጎን። ትክክል ለመለሰ ምልክት ያድርጉ። ለተሳሳተ ኤክስ አይጻፉ፤ የሰጠውን መልስ ራሱን ይገልብጡ። ለዘለለው ሳጥኑን ባዶ ይተዉ።

አሁን ሰንጠረዡን ያንብቡ። የመጀመሪያውን ጥያቄ 4/10 ብሎ የመለሰ ተማሪ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሯል። ይህ ልጅ የሚከተለው ሕግ አለው፤ የተሳሳተው ሕጉ ነው። ሁለተኛውን −10 ያለችው ሰባትንና ሦስትን ደምራ ምልክቱን ለጥፋበታለች። ባዶ የተወው ደግሞ ጥያቄውን አልጀመረውም። በተራ እርማት ሦስቱም ዜሮ ያገኛሉ። የሚያስፈልጋቸው ግን ሦስት የተለያየ ነገር ነው።

ባዶ የተዉትን ለየብቻ ይጥሩ። ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በቃል ይጠይቁ። ከመለሱ ክፍተቱ የሒሳብ ሳይሆን የቋንቋ ነው፤ በስማቸው ትይዩ «ቋ» ብለው ይጻፉ።

ሰሌዳው ይታይህ እንደሆነ፣ ድምፅ በደንብ ይሰማሽ እንደሆነ፣ ስልክ በቤት ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ። ይህንን በክፍል ፊት አያድርጉት። መልሱን እርስዎ ብቻ ይያዙ።

ደረጃ 2፦ ስሞቹን በቡድን ይክፈሉ

ከሦስት ወይም ከአራት ቡድን አይለፉ። በውጤት ደረጃ አይክፈሉ፤ በስህተቱ ዓይነት ይክፈሉ። የክፍልፋይ ቡድን፣ የአሉታዊ ቁጥር ቡድን፣ የቋንቋ ቡድን፣ ቀድሞ የሚሄድ ቡድን። ለቡድኖቹ «ደካማ» እና «ጎበዝ» የሚል ስም አይስጡ፤ በወንዝ ስም ይጥሯቸው። አዋሽ፣ ባሮ፣ ተከዜ፣ ኦሞ።

ደረጃ 3፦ ኮሊብሪን ያውርዱና ይጫኑ

ላፕቶፑን ኢንተርኔት ወዳለበት ይዘው ይሂዱ። የለርኒንግ ኢኳሊቲን ድረ ገጽ ይክፈቱ። ከኮምፒውተርዎ ሲስተም ጋር የሚስማማውን ፋይል ያውርዱ፤ ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ ለየብቻ ተዘጋጅቷል። ፋይሉን ከሌላ ቦታ አይውሰዱ።

ይጫኑት። ሲከፈት ጥያቄ ይጠይቃል። ለብቻ ወይስ በቡድን መማሪያ ሲልዎ «ግሩፕ ለርኒንግ» የሚለውን ይምረጡ። የመሣሪያውን ዓይነት ሲጠይቅ «ፉል ዲቫይስ» የሚለውን ይምረጡ። የትምህርት ቤቱን ስም ይጻፉ። ተማሪዎች በራሳቸው አካውንት ይክፈቱ ወይ ሲልዎ አይፈቀድም ይበሉ። የይለፍ ቃል ያስፈልጋል ወይ ሲል ያስፈልጋል ይበሉ፤ አለበለዚያ አንዱ በሌላው ስም ይገባና ሪፖርቱ ይበላሻል።

በመጨረሻ የሱፐር አድሚን አካውንት ይከፈታል። የይለፍ ቃሉን በደብተርዎ ይጻፉ።

የላፕቶፑን ቀንና ሰዓትም ይመልከቱ። የቆየ ላፕቶፕ ውስጣዊ ባትሪው ሲደክም ቀኑን ያዛባል፤ ሪፖርቱም በተዛባ ቀን ይመዘገባል።

ደረጃ 4፦ ይዘት ይምረጡ

«ዲቫይስ» የሚለውን ገጽ ይክፈቱ። «ቻናልስ» ይበሉ። «ኢምፖርት» ይጫኑ። ምንጩን ሲጠይቅ «ኮሊብሪ ስቱዲዮ» ይምረጡ። የቻናሎች ዝርዝር ይመጣል።

ሙሉ ቻናል አያውርዱ። የካን አካዳሚ ቻናል ብቻውን በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት ይወስዳል። ቻናሉን ይክፈቱ፣ ምዕራፉን ይክፈቱ፣ ለቡድኖችዎ የሚያስፈልጉትን ርዕሶች ብቻ ምልክት ያድርጉ። የመረጡት መጠን እዚያው ይታያል፤ ከማውረድዎ በፊት ያንብቡት።

ለያዝነው ምሳሌ እነዚህን ይምረጡ። ከካን አካዳሚ፦ ክፍልፋይ መደመርና መቀነስ፣ አሉታዊ ቁጥሮች፣ የአንድ እርምጃና የሁለት እርምጃ እኩልታ። ቪዲዮውንም መልመጃውንም ይውሰዱ፤ ማን እንደተሳሳተ የሚነግርዎ መልመጃው ነው። ከፌት ቻናል፦ የክፍልፋይ ማስመሰያዎችን። ፌት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ነው፤ ተማሪው ክፍልፋዩን በጣቱ እየጎተተ ያየዋል። ማንበብ ለሚቸግራቸው፦ አፍሪካን ስቶሪቡክ። አጫጭር የሥዕል ታሪኮቹ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች ተዘጋጅተዋል፤ አማርኛም አለበት።

ካወረዱ በኋላ አንድ ቪዲዮና አንድ መልመጃ ከፍተው ይሞክሩ። ከዚያ «ኤክስፖርት» ይጫኑና በኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩ ላይ ቅጂ ያስቀምጡ። ሌላ ትምህርት ቤት ያንኑ ይዘት ሲፈልግ ከዚያ ዲስክ ይጭነዋል፤ እንደገና ማውረድ የለም። ዲስኩን ለሌላ ሥራ አያውሱ። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚዞር ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል።

ደረጃ 5፦ የራስዎን ድምፅ ይጨምሩ

ይህ ደረጃ ትልቅ ዋጋ አለው። ከውጭ የመጣው ቪዲዮ የእርስዎን ተማሪ አያውቅም፤ እርስዎ ያውቁታል።

ለቋንቋ ቡድኑ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚሆን ማብራሪያ ይቅዱ። የስልክ ድምፅ መቅጃ ይበቃል። መስኮት ይዝጉ፤ ስልኩን ከአፍዎ አንድ ስንዝር ያርቁ። በአንድ ቅጂ አንድ ሐሳብ ብቻ ይናገሩ፤ «ታህት ለምን አይደመርም?»፣ «ከአሉታዊ ሰባት ሦስት ወደ ቀኝ ስንሄድ የት እንደርሳለን?» የእንግሊዝኛውን ቃል በዝግታ ይጥሩ፣ አማርኛውን ያስከትሉ። ዲኖሚኔተር፣ ታህት። ኑሜሬተር፣ ላዕል። ፋይሉን በኤምፒስሪ ያስቀምጡ።

ኢንተርኔት ሳይለቁ በኮሊብሪ ስቱዲዮ አካውንት ይክፈቱ። አዲስ ቻናል ይፍጠሩ። ድምፁን ይጫኑ፤ ያዘጋጁት የፒዲኤፍ ማስታወሻ ካለም ይጨምሩ። የሌላ ሰው መጽሐፍ ያለ ፈቃድ አይጫኑ። «ፐብሊሽ» ይበሉ። ስቱዲዮው አጭር መለያ ይሰጥዎታል። ያንን መለያ በኮሊብሪ «ኢምፖርት» ገጽ ላይ ያስገቡ፤ ቻናልዎ ላፕቶፑ ላይ ይወርዳል።

ደረጃ 6፦ ራውተሩን ይትከሉ

ራውተሩን ከመሬት ከፍ ያድርጉ፤ ከብረት ቁም ሣጥን ያርቁት። የኔትወርክ ኬብሉን አንድ ጫፍ በላፕቶፑ ላይ፣ ሌላውን በራውተሩ «ላን» ቀዳዳ ላይ ይሰኩ። «ዋን» የሚለው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ በቀለም ይለያል፤ እሱን ባዶ ይተዉት።

የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ በብራውዘር ይክፈቱ። አድራሻው ከሥሩ ተለጥፏል፤ ብዙውን ጊዜ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ነው። የፋብሪካውን የይለፍ ቃል ይለውጡ። ለዋይፋዩ ቀላል ስም ይስጡ። የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ይጻፉ። ላፕቶፑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድራሻ እንዲያገኝ «አድሬስ ሪዘርቬሽን» በሚለው ሥር ይመዝግቡት። ይህን ካደረጉ በየሳምንቱ አዲስ አድራሻ ሰሌዳ ላይ ከመጻፍ ይድናሉ።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩም እንዲቀጥል ከፈለጉ አነስተኛ ዩፒኤስ ይግዙ። ከመግዛትዎ በፊት በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ። 9 ቮልት የሚፈልገውን ራውተር 12 ቮልት ላይ ቢሰኩት ሊቃጠል ይችላል።

ደረጃ 7፦ በአንድ ስልክ ይሞክሩ

በኮሊብሪ «ዲቫይስ» ሥር «ኢንፎ» የሚለውን ይክፈቱ። የሰርቨሩ አድራሻ እዚያ ተጽፏል፤ በ192.168 የሚጀምረውን ይውሰዱ። ከኋላው ያለውን ሁለት ነጥብና ቁጥር አይርሱ።

የስልኩን ሞባይል ዳታ ያጥፉ። ከዋይፋዩ ጋር ያገናኙት። ስልኩ «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ እንደተገናኘ ይቆይ ይበሉት። ብራውዘር ከፍተው አድራሻውን ይጻፉ።

ካልከፈተ ዊንዶውስ እየከለከለ ሊሆን ይችላል። የኔትወርኩን ዓይነት ወደ «ፕራይቬት» ይለውጡ። በፋየርዎል ዝርዝር ውስጥ ኮሊብሪን ይፍቀዱ። ፋየርዎሉን ሙሉ በሙሉ አያጥፉ።

ላፕቶፑ ሲሰካ እንዳይተኛ «ስሊፕ» የሚለውን «ኔቨር» ያድርጉት። ክዳኑ ሲዘጋም እንዳይጠፋ ያስተካክሉ።

ደረጃ 8፦ ተማሪዎቹን ይመዝግቡ

«ፋሲሊቲ» ይክፈቱ። ክፍሉን ይፍጠሩ። ለእያንዳንዱ ተማሪ የመግቢያ ስም ይስጡ። በቁጥር ብቻ ይሁን፤ ብዙ ስልክ የአማርኛ ኪቦርድ የለውም፣ ተመሳሳይ ስም ያላቸውም ብዙ ናቸው። 90214 ማለት 9ኛ ክፍል፣ ምድብ 02፣ ተራ ቁጥር 14 ይሁን። ስልክ ቁጥርና የቤት አድራሻ አያስገቡ።

ራስዎን «ኮች» አድርገው ይመድቡ። ብዙ ክፍል ካለዎት ዝርዝሩን በኤክሴል አዘጋጅተው በሲኤስቪ ፋይል በአንድ ጊዜ ያስገቡ።

ደረጃ 9፦ ለቡድኖቹ ትምህርት ይመድቡ

«ኮች» ገጽ ላይ አራቱን ቡድኖች ይፍጠሩ። አባላቱን ያስገቡ። «ሌሰንስ» ውስጥ ለእያንዳንዱ ቡድን የራሱን ትምህርት ያዘጋጁ። በአንድ ትምህርት ከሦስት ነገር በላይ አያድርጉ፤ አንድ ድምፅ ወይም ቪዲዮ፣ አንድ ማስመሰያ፣ አንድ መልመጃ። ለቋንቋ ቡድኑ ከውጭ የመጣውን ቪዲዮ ሳይሆን የራስዎን ቅጂ ያስቀድሙ።

ደረጃ 10፦ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ያካሂዱ

ስልሳውንም በአንድ ጊዜ አያስገቡ። ሁሉም ቪዲዮ ሲከፍቱ ተራ የቤት ራውተር ይጨናነቃል። አንድ ሦስተኛው በመሣሪያ ይሥራ፤ አንድ ሦስተኛው ደብተር ላይ መልመጃ ይሥራ፤ አንድ ሦስተኛው ከእርስዎ ጋር ይቀመጥ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይቀያየሩ። መሣሪያ ካነሰ ለሁለት አንድ ይስጡ፤ በየአምስት ጥያቄው እጅ ይቀያየሩ። ሁለቱ በአንድ አካውንት ሲሠሩ ሪፖርቱ የሁለቱ መሆኑን በደብተርዎ ይመዝግቡ።

ቪዲዮውን እንዲያቆሙትና እንዲመልሱት ይንገሯቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በፕላዝማ ቴሌቪዥን በተጀመረው ትምህርት ከተነሱት ብርቱ ቅሬታዎች አንዱ ይህ ነበር፤ ሥርጭቱ ከማዕከል ስለሚመጣ መምህሩ እንኳ ሊያቆመው አይችልም ነበር። አሁን ማቆሚያው በተማሪው ጣት ሥር ነው። ያልገባውን ሦስት ጊዜ ቢመልሰው ማንም አያየውም።

ደረጃ 11፦ ለማየትና ለመስማት ለሚቸገሩት ያዘጋጁ

ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች በአንድሮይድ ስልክ ላይ «ቶክባክ» ያብሩ። በአይሲቲ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤ የተባለውን ነጻ የስክሪን አንባቢ ይጫኑ። ኤንቪዲኤ ኢስፒክ የተባለውን ድምፅ ይዞ ይመጣል፤ አማርኛንም ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፤ ጆሮ እስኪለምደው ፍጥነቱን ይቀንሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ሁሉም የአማርኛ ፒዲኤፍ አይነበብም። ገጹ በስካነር የተነሳ ከሆነ ለስክሪን አንባቢው ሥዕል ብቻ ነው። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ለዓይን አማርኛ ይመስላል፤ ከውስጥ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። አንድ መስመር ይቅዱና ኖትፓድ ላይ ይለጥፉ። አማርኛው እንዳለ ከወጣ ደህና ነው። ምስቅልቅል ከወጣ ጽሑፉ በዩኒኮድ እንደገና መተየብ አለበት። ጊዜ ከሌለዎት ጮክ ብለው አንብበው ይቅዱት፤ የሰው ድምፅ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

አነስ ያለ እይታ ላላቸው በብራውዘሩ ገጹን ያጉሉት። መስማት ለተሳናቸው ከቪዲዮው በፊት ዋና ዋና ቃላቱን በጽሑፍ ይስጡ፤ የቪዲዮው የግርጌ ጽሑፍ ካለም ያብሩላቸው።

ደረጃ 12፦ ሪፖርቱን በዚያው ቀን ያንብቡ

«ኮች» ገጽ ላይ የክፍሉን ሪፖርት ይክፈቱ። ማን እንደጨረሰ፣ ማን እንደጀመረ፣ ማን እርዳታ እንደሚያስፈልገው ያሳያል። የጨረሱትን ይለፏቸው። እርዳታ የሚያስፈልገውን ስም ይጫኑ። የተሳሳተውን ጥያቄ ይክፈቱ፤ የሰጠው መልስ ጥያቄ በጥያቄ ተቀምጧል።

ሦስት አራት ስም ይምረጡ። በማግስቱ አሥር ደቂቃ አብረዋቸው ይቀመጡ። መልሱን አይንገሯቸው፤ «እዚህ ጋ እንዴት አሰብሽ?» ብለው ይጠይቁ። ጨርሶ ያልገባ ተማሪ ካለ ለምን እንዳልገባ ይጠይቁ፤ የይለፍ ቃል ረስቶ ሊሆን ይችላል፣ ለመጠየቅ አፍሮም ሊሆን ይችላል።

ከአራት ሳምንት በኋላ ቁጥሮቹን ቀይረው የወረቀት ፈተናውን ይድገሙ። ቡድኖቹን በአዲሱ ሰንጠረዥ ይበውዙ።

ደረጃ 13፦ ሥራው በእርስዎ ላይ ብቻ እንዳይቆም ያድርጉ

በየሳምንቱ አርብ «ፋሲሊቲ» ውስጥ «ዳታ» ይክፈቱና መዝገቡን በሲኤስቪ ያውጡ። በሃርድ ዲስኩ ላይ ያስቀምጡ። ላፕቶፑን በአዝራሩ አያጥፉ፤ በ«ሻት ዳውን» ይዝጉ። አቧራ እንዳይገባው በጨርቅ ይሸፍኑት፤ ሲሠራ ግን ሸፍነው አይተዉት።

አንድ ሌላ መምህር ከጎንዎ አስቀምጠው ከደረጃ 6 ጀምሮ በእጁ እንዲሠራ ያድርጉ። እርስዎ አይንኩ፤ ይመልከቱ። የሰርቨሩን አድራሻ፣ የዋይፋዩንና የሱፐር አድሚኑን የይለፍ ቃል በአንድ ወረቀት ይጻፉ። በፖስታ ያሽጉና ለርዕሰ መምህሩ ያስረክቡ። የይለፍ ቃል በቀየሩ ቁጥር ወረቀቱንም ይቀይሩ።